«ዎክ»ን በአማርኛ ምን እንበለው? ሙገሳም ስድብም የሆነ ቃል ለመተርጎም እርዳታ እፈልጋለሁ

የሄርማታዋ አንባቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ለሚገናኝ የንባብ ክበብ የሚቀርብ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አሜሪካኖች «ዎክ» የሚሉት ቃል የማኅበራዊ ንቃት መጠሪያ ከመሆን ተነስቶ እንዴት መሰዳደቢያ እንደሆነ የሚያስረዳ ነው። አራት ገጽ ነው፤ ቃሉ 23 ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ ሁሉንም «ንቁ» አልኩት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን «ንቁ ኩባንያ»፣ «ንቁ ፊልም»፣ «ንቁዎቹ አገሪቱን አበላሿት» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ወጡ። ተናጋሪው እየተሳደበ ነው፣ አማርኛው ግን የሚያመሰግን ያስመስለዋል።

አድማጮቹ 30 ቢሆኑ ነው፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ገሚሱ ቤቱ የሚያወራው አፋን ኦሮሞ ነው። ለንባቡ የተሰጠኝ 20 ደቂቃ ነው። ቃሉን በአንድ አማርኛ ልወጣው እችላለሁ? ከታሪኩስ የትኞቹን ዓመታት ልያዝ? ደግሞም ከራሳችን ቋንቋ ተመሳሳይ ዕጣ የገጠመው ቃል ብጠቅስ ደስ ይለኛል፤ ብቻ ጠብ የማያስነሳ ይሁን።


ቃል መርማሪ፦

እህቴ፣ በአንድ ቃል አይወጣልሽም፤ አትድከሚበት። በኮምፒውተሩ «ፈልግና ተካ» 23ቱንም በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው የሚገጥመው አንቺን የገጠመሽ ነው።

ከሰዋስዉ ጀምሪ። በመደበኛው እንግሊዝኛ «ዎክ» ማለት «ነቃ» ነው፣ የኃላፊ ጊዜ ግስ። ጥቁር አሜሪካውያን በራሳቸው አነጋገር ቅጽል አደረጉት። «ስቴይ ዎክ» ሲሉ «ነቅታችሁ ቆዩ፣ እንዳታንቀላፉ» ማለታቸው ነው። እዚህ ላይ ልብ በዪ፦ ቃሉ በደኅናው ጊዜ በብዛት የሚመጣው በትእዛዝ ነው፤ ተናጋሪው የሚያዘውም የገዛ ወገኑን ነው። ስድብ ሲሆን ግን ከስም ፊት ይለጠፋል፤ «ዎክ ኩባንያ»፣ «ዎክ ፊልም»፣ «ዎክ መምህር» ይባላል፤ የሚለጠፍበትም ሰው ሁልጊዜ ሌላ ነው። ይህን አንድ መለያ ይዘሽ እርሳስሽን አንሺና ጽሑፉን ውረጂበት። ትእዛዝ የሆነውን ከሥሩ አስምሪበት፣ ከስም ፊት የተለጠፈውን ክበቢው። ሁለቱም ያልሆኑ ጥቂት ይተርፉሻል። እነሱን ዓመቱና ተናጋሪው ይፈታቸዋል።

ስለ ዓመታቱ። የጥቁሮች ንቅናቄ መሪ የነበረው ማርከስ ጋርቬይ እ.ኤ.አ. በ1923 በታተመው የአሳቦቹ ስብስብ ውስጥ «ኢትዮጵያ ሆይ ንቂ! አፍሪካ ሆይ ንቂ!» ይላል። «ዎክ» የሚለው ቅርፅ እዚያ የለም፤ ግሱ ግን ያው ነው። አድማጭሽ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ብቻ ወዲያው አስረጂው፦ ጋርቬይ «ኢትዮጵያ» ሲል የእኛን አገር ብቻ ማለቱ አይደለም። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ከሚለው ከመዝሙር 68፥31 ጀምሮ በመጣ ልማድ ጥቁርን ሕዝብ በሙሉ የሚጠራበት ስም ነው። ይህን ካላልሽ ውይይቱ ወደ እኛ ታሪክ ይዞርና 20ው ደቂቃ እዚያው ያልቃል።

ቀጥሎ 1938ን ያዢ፤ እኔ ብሆን ረዘም ያለ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው። በ1931 አላባማ ውስጥ 9 ጥቁር ወጣቶች በዕቃ ባቡር ሲጓዙ ተይዘው ሁለት ነጭ ሴቶችን ደፍራችኋል ተባሉ። ነጮች ብቻ የተቀመጡበት ዳኝነት በቀናት ውስጥ ስምንቱን ሞት ፈረደባቸው። ከሴቶቹ አንዷ በኋላ ቃሏን አጠፈች፤ የሞቱም ፍርድ በአንዳቸውም ላይ አልተፈጸመም፤ ልጆቹ ግን ዓመታት በእስር ማቀቁ። ሌድ ቤሊ የተባለው ዘፋኝ ስለ እነሱ የዘፈነውን በ1938 ሲያስቀርጽ፣ ዘፈኑ ካበቃ በኋላ በንግግር ምክር ይሰጣል፦ በዚያ በኩል የምታልፉ ተጠንቀቁ፣ ነቅታችሁ ቆዩ፣ ዓይናችሁን ግለጡ። ቃሉ እዚህ ላይ የሚናገረው ወጥቶ በሰላም ስለመግባት ነው። አማርኛሽ ይህን ካላስተላለፈ በኋላ ላይ ስድብ ሲሆን ምን እንደጠፋ ለአድማጩ አይገባውም። ስለዚህ ይህን «ንቁ» ብለሽ ብቻ አትለፊው፤ «ነቅታችሁ ሂዱ፣ ዓይናችሁን ግለጡ» በዪው።

በ1962 ዊልያም ሜልቪን ኬሊ የተባለው ጥቁር ደራሲ በኒው ዮርክ ታይምስ የእሑድ መጽሔት ላይ ስለ ጥቁሮች አነጋገር ጻፈ፤ «ዎክ» ርዕሱ ላይ ነበር። ነጮቹ ወጣቶች ቃሎቻችንን ይወስዳሉ፣ እነሱ ጋ ሲደርስ እኛ ወይ እንተወዋለን ወይ ትርጉሙን እንለውጠዋለን የሚል ነበር ነገሩ። እዚያ ጽሑፍ ላይ «ዎክ» ማለት ነገሩ የገባው፣ የማይሸወድ ማለት ነው። ለዚህ ከ«ነቄ» የተሻለ አማርኛ የለም። ሥሩም አንድ፣ የመንደር ለዛውም አንድ።

የቀረውን ቶሎ እለፊው። በ2008 ኤሪካ ባዱ በዘፈኗ ሐረጉን እየደጋገመች አነሳችው። ነሐሴ 2014 ፈርግሰን፣ ሚዙሪ ውስጥ ማይክል ብራውን የተባለ የ18 ዓመት ወጣት በፖሊስ ተተኩሶበት ሲሞት ሐረጉ ከሰልፉም ከማኅበራዊ ሚዲያውም ጋር ተዛመተ። ሰኔ 2017 የኦክስፎርዱ ትልቁ መዝገበ ቃላት አስገባው። መዝገበ ቃላት ሲቀበለው መንገድ ላይ መላገጫ መሆን ጀምሮ ነበር።


አዌቱ ዳር፦

ስለ ንባቡ ጥቂት ነገር ልበል፤ የጅማ ተማሪ ጆሮ ላይ የሚያደናቅፍ አለ።

«ዎክ» ብለሽ ስትጀምሪ ግማሹ የሚሰማው «ወክ እናድርግ» የሚለውን ነው፣ ከእራት በኋላ የሚደረገውን የእግር ሽርሽር። ጽሑፉን የያዘ ሰው ልዩነቱን ያያል፣ የሚያዳምጥ ግን አያይም። ስለዚህ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጥራትሽ በፊት «ከእንቅልፍ ነቃ ከሚለው የእንግሊዝኛ ግስ የወጣ» በዪና ከዚያ ጥሪው።

ሁለተኛ፣ ዓመታቱ ሁሉ የፈረንጅ መሆናቸውን አንድ ጊዜ ሳይሆን በየቦታው «እ.ኤ.አ.» እያልሽ አስታውሺ። በተለይ 1962ን። የእኛ አገር አንባቢ «1962» እና «ንቃት» በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲሰማ አሳቡ የሚሄደው ወደ ተማሪው ንቅናቄ፣ ጥላሁን ግዛው ወደተገደለበት ታኅሣሥ 1962 ነው። የኬሊ ጽሑፍ የወጣው በእኛ ግንቦት 12 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። እንዲያውም ሁለቱንም ጻፊው።

ሦስተኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ካስረዳሽ ሥራው ይቀላል፤ መንቃትን የሚለው ግስ «ደመቁ» ነው፣ «ም» ጠብቆ። ግን በፊደል ጽፈሽ ለአንባቢ ከሰጠሽው አማርኛ ለምዶት «ደመቁ»፣ አሸበረቁ ብሎ ያነበዋል። በቁቤ ጻፊው፣ ወይም ራስሽ በቃል በዪው።


ብራና፦

ለሦስተኛው ጥያቄሽ ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም። ከዚያው ከ«ነቃ» የወጣ ቃል አለን፦ «አንቂ»። «አክቲቪስት» ለሚለው «የማኅበረሰብ አንቂ» ተብሎ ሲገባ ትርጉሙ የተኛን ሕዝብ የሚቀሰቅስ ማለት ነው፤ የክብር ስም ነበር። አሁን ሰው ሲጠቀምበት አድምጪ። «አንቂ ነኝ ባይ»፣ «አንቂ ተብዬዎች»። አንዳንዱ ዘንድ ጅራቱም አላስፈለገም፤ «አንቂ» ሲል ድምፁን ረገጥ ካደረገ ስድቡ ተጠናቀቀ። አሜሪካ በ«ዎክ» ላይ የሆነው በአብዛኛው ይኸው ነው። አገራዊ ስም ሳትጠሪ፣ የማንንም ወገን ሳትነኪ በቃሉ ብቻ ልታሳዪው ትችያለሽ። የዛሬውን የፖለቲካ መሰዳደቢያ ግን ምሳሌ አታድርጊ፤ ያኔ ስለ ቃል መናገሩ ቀርቶ ስለ ቁስል መናገር ይሆናል።

ተጨማሪ ከፈለግሽ ቆየት ያሉትን ውሰጂ። «ካድሬ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ በደርግ ጊዜ የካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤት ሠልጥኖ የሚወጣ ባለሙያ መጠሪያ ነበር፤ ዛሬ ከላይ የተነገረውን የሚደግም ሰው መስደቢያ ነው። «ጨዋ» ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ሄዷል። በቤተ ክህነት አነጋገር ያልተማረ ማለት ነበር፣ በጥንቱ ዘመን የጦር ሠራዊትም መጠሪያ ነበር፤ አሁን ልጅን የምናመሰግንበት ቃል ሆኗል። ቃል ሁልጊዜ ወደ ታች ብቻ እንደማይሄድ ለማሳየት «ጨዋ»ን እንዳትረሺ።

የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ የእኛ ቋንቋ «ንቃተ ህሊና»ን ከፍ አድርጎ ሰቅሎት ነበር። «ማንቃት፣ ማደራጀት፣ ማስታጠቅ» ይባል ነበር። በ1968 የአዲስ ዘመን «አብዮታዊ መድረክ» ዓምድ ላይ የፖለቲካ ወገኖች የተከራከሩበትን አማርኛ ላየ፣ ስድቡ የሚወድቀው በተኛው ላይ ነው፤ «አድኃሪ»፣ «ኋላ ቀር»፣ «ንቃቱ ዝቅተኛ»። የመንደሩም ቋንቋ እንደዚሁ ነው፤ የሚሰደበው «ፋራ»ው ነው እንጂ «አራዳ»ው አይደለም። በእኛ ዘንድ ለረጅም ጊዜ መንቃት የሚያሳፍር ሆኖ አያውቅም። የአሜሪካው ስድብ ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ «ንቁ» ብለሽ ስትተረጉሚ ሙገሳ የመሰለውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ፦ ስድቡን «ነቃሁ ባይ» በዪው። «አውቃለሁ ባይ» እንደሚባለው። አማርኛ ስምን የሚያዋርደው ጅራት በመቀጠል ነው፤ ተጠቀሚበት።


ቃል መርማሪ፦

ብራና፣ «ነቃሁ ባይ» ግሩም ነው፤ ለሁሉም ቦታ ግን አይሆንም። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላሳይ።

የፍሎሪዳው አገረ ገዥ ሮን ዲሳንቲስ በኅዳር 2022 በድጋሚ ሲመረጥ ያለው ዝነኛ አባባል አለ፤ በቁሙ «ፍሎሪዳ ዎክ ሊሞት የሚሄድባት ቦታ ናት» ማለት ነው። እህቴ፣ ጽሑፍሽ ውስጥ ይህ እንዳለ እገምታለሁ። «ነቃሁ ባይ»ን ስናስገባበት «ፍሎሪዳ ነቃሁ ባይ የሚሞትባት ቦታ ናት» ይሆናል። ምን እንደሆነ አያችሁ? እንግሊዝኛው ላይ የሚሞተው አስተሳሰብ ነው። አማርኛው ላይ «ባይ» ሰው ስለሆነ የሚሞተው ሰው ሆነ፤ የፖለቲካ ፉከራው የግድያ ዛቻ ወጣው። ተናጋሪውን ያላለውን ማስባል ነው፤ ተርጓሚ ከዚህ የከፋ ጥፋት አይሠራም። እዚህ ላይ «ዎክነት» ማለት ግድ ነው፤ «የዎክነት መቃብሩ ፍሎሪዳ ናት» ብትዪ አሳቡም ፉከራውም ይገኛል።

ሌላም ልዩነት አለ። «ነቃሁ ባይ» የሚለው ሰውዬው በእውነት አልነቃም፣ ያስመስላል ነው። ይህ ትችት አሜሪካ ውስጥ ቀድሞ የመጣው ከዚያው ከራሳቸው ሰፈር ነው። ባራክ ኦባማ ጥቅምት 2019 ቺካጎ ላይ ለወጣቶች ሲናገር፣ እኔ ፍጹም ንጹሕ ነኝ፣ ምንጊዜም በፖለቲካ ዎክ ነኝ የሚለውን አመለካከት ቶሎ ተላቀቁት ብሎ መከረ። እዚያ ላይ «ነቃሁ ባይነት» ልክ ይገባል። በኋላ የመጣው የፖለቲካ ስድብ ግን ማስመሰልን አይደለም የሚነቅፈው፤ አሳቡን ራሱን ነው። ሰውዬው ከልቡ ቢያምንበት ይብሱን ይሰደብበታል። ይህንን «ነቃሁ ባይ» ካልነው የተሰዳቢውን አሳብ ሐሰት ነው ብለን እኛው ፈረድን ማለት ነው። ስለዚህ ከ2020 ወዲህ ላለው ስድብ «ዎክ»ን እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ ማስቀመጥ ይሻላል።


ሚዛን፦

እዚህ ላይ የሕጉን ነገር ልጨምር፤ ተርጓሚ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለው።

ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 2022 የተፈረመ ሕግ አላት፤ «ዎክን አቁም» በሚል ይታወቃል። ስሙ ውስጥ ያለው «ዎክ» ግን ምኅጻር ነው። አራቱ ፊደላት ሲፈቱ «በልጆቻችንና በሠራተኞች ላይ የሚፈጸሙ በደሎች» የሚል ይሰጣሉ። ስድቡን ከአቤቱታ ጋር ሆን ብለው አንድ ላይ ሰፍተውታል። በአማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ማምጣት አይቻልም፤ «ዎክን አቁም የተባለው ሕግ» ብለሽ ፍቺውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ከሥሩ አስከትይ። ሕጉ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ስለሚሰጡት ሥልጠና የደነገገውን ክፍል የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት መጋቢት 2024 ከንግግር ነፃነት ጋር ይጋጫል ብሎ አግዶታል።

ከዚህ ሁሉ ግን ለውይይት የሚጠቅምሽ በ2022 መጨረሻ ፍርድ ቤት የተባለው ነው። አገረ ገዥው ከሥራ ያገደው ዐቃቤ ሕግ ከስሶ ጉዳዩ ሲታይ፣ የአገረ ገዥው የሕግ አማካሪ «ዎክ ማለት ምን ማለት ነው?» ተብሎ ተጠየቀ። በአሜሪካ ኅብረተሰብ ውስጥ ሥርዓታዊ ኢፍትሐዊነት አለ፣ መታረምም አለበት የሚል እምነት ነው ብሎ መለሰ። ልብ በሉ፣ ይህ ፍቺ ስድብ የለበትም። ደጋፊውም ቢሆን ይቀበለዋል። ቃሉ በሰልፍ ላይ ስድብ ሆኖ የሚሠራው ማንም ስላልፈታው ነው፤ መሐላ ተምሎ ሲፈታ ባዶ እጁን ቀረ። ይህን ስታነቢ ቆም ብለሽ አድማጮችን ምን እንደሚሉ ጠይቂያቸው።

አሜሪካኖቹም ራሳቸው አልተስማሙም። የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው ኢፕሶስ ከዩኤስኤ ቱዴይ ጋዜጣ ጋር መጋቢት 2023 ባወጣው ጥናት 56 በመቶው ቃሉን ስለ ማኅበራዊ በደል ማወቅና መረዳት ነው ሲል 39 በመቶው የሰውን አፍ መቆጣጠር ነው በሚለው ወገን ቆመ። እዚያው ጥናት ላይ ግን ዎክ ቢባሉ እንደ ስድብ የሚቆጥሩት 40 በመቶ፣ እንደ ሙገሳ የሚቆጥሩት 32 በመቶ ናቸው። አብዛኛው ሰው ደጉን ፍቺ እያወቀ ክፉው አፉ ላይ ቀድሟል። ሐምሌ 2025 ደግሞ ቃሉ ከፕሬዚዳንት ትራምፕ ጽሕፈት ቤት በወጣ ትእዛዝ ርዕስ ላይ ሰፈረ፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች «ዎክ» የሆነ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዳይገዙ የሚል ነው። ከ1938 ምክር እስከዚህ ድረስ ነው የመጣው።

አንድ ነገር ግን በብርቱ አደራ እላለሁ። ተቺውን ሁሉ ዘረኛ አታስመስዪ። በአንድ ቃል ስሕተት ሰውን ከእንጀራው ማፈናቀልን፣ ቀና ጥያቄ የጠየቀን ሰው እንደ ጠላት ማየትን የሚቃወሙ ብዙ ናቸው። ጥቁሩ የቋንቋ ምሁር ጆን ማክዎርተር ከጠንካራዎቹ ተቺዎች አንዱ ነው። የክበቡ ልጆች ሁለቱንም ወገን በሚገባ ሰምተው ይከራከሩ።


የሄርማታዋ አንባቢ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ማታውን በእርሳስ ሄድኩበት። ትእዛዝ የሆኑት 8 ናቸው፤ «ነቅታችሁ ቆዩ» እና «ዓይናችሁን ግለጡ» እያልኩ አወጣኋቸው። የኬሊው 1 «ነቄ» ሆነ። የኦባማውና ተከታዩ፣ 2ቱ፣ «ነቃሁ ባይነት» ሆኑ። 11ዱ «ዎክ» እና «ዎክነት» ተብለው በጥቅስ ቀሩ። አንድ ተረፈኝ። ኩባንያዎች ላይ የሚወረወር መፈክር ነው፤ እንግሊዝኛው ቤት ይመታል፣ «ዎክ የሆነ ይከስራል» ማለት ነው። ቤቱ ሲጠፋ መፈክርነቱ ይጠፋል። ምን ላድርገው?


ብራና፦

«ነቃና ነጣ» በዪው። «የነጣ ድሃ» ይባል የለ? አንድ ፊደል ብቻ ነው የሚለያቸው፤ መፈክር ይሆናል።


ቃል መርማሪ፦

ወደድኩት፤ ግን ጠንቀቅ በዪ እህቴ። ወሬው ስለ ጥቁርና ነጭ በሆነበት ገጽ ላይ «ነጣ» ሲባል አድማጭ «ነጭ ሆነ» ብሎ ሊሰማው ይችላል፤ ያ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነገር ነው። ከመፈክሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀደም ብለሽ «ደንበኛ ሸሽቶት የነጣ ድሃ የሆነ ኩባንያ» የሚል አስገቢ። ጆሮው ድህነቱን ከያዘ በኋላ «ነቃና ነጣ» ስትዪ አይስትም።